ከባርዶ እስከ ሱሳ፦ መቶ ቀን እና አንድ የጉዞ ማስጠንቀቂያ

እኛ ዘንድ ሰው ሊጓዝ ሲነሳ ከቲኬቱ ዋጋ በፊት የሚጠየቀው «አገሩ ሰላም ነው?» የሚለው ነው። እናት ትጠይቃለች፣ አክስት ትጠይቃለች፣ ጎረቤትም ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መልሱን ከማን እንደምንቀበል ነው።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ለአንድ ሳምንት ቱኒዚያ ልትዝናና አስባለች። «የእንግሊዝ መንግሥት የጉዞ ምክር ካርታ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ ጨርሻለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቱኒዚያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለኝ አንድ ታጣቂ ሱሳ ባህር ዳር ላይ 38 ጎብኚዎችን የገደለበት የ2015 ክረምት ነው። ያን ጊዜ የሆነውን፣ በተለይም ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የተካሄደውን የአሟሟት ምርመራ ችሎት በደንብ ተከታትዬው ነበር። ለእሷ በስልክ ቆራርጬ የነገርኳትን እዚህ ሰብስቤ ልጻፈው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሱሳ ከዋና ከተማዋ ከቱኒስ በስተደቡብ ያለች የባህር ዳር ከተማ ናት። አጠገቧ ፖርት ኤል ካንታዊ የሚባል የመዝናኛ ሠፈር አለ፤ ሆቴሎቹ በአሸዋው ዳር ተደርድረዋል። ከለንደን በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ምግቡና መጠጡ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ቤተሰብ ያለው ሰው የሚመርጠው እንዲህ ዓይነቱን ነው። በ2014 ከ400 ሺህ በላይ እንግሊዛውያን ቱኒዚያን ጎብኝተዋል።

ምልክት አልነበረም ማለት አይቻልም። ኦክቶበር 30 ቀን 2013 አንድ አጥፍቶ ጠፊ እዚያው ሱሳ ባህር ዳር ላይ ራሱን አፈንድቷል። ከእሱ ሌላ የሞተ ሰው ስላልነበረ ወሬው ቶሎ ቀዘቀዘ።

ማርች 18 ቀን 2015 ግን ነገሩ ተለወጠ። ሁለት ታጣቂዎች ቱኒስ ወደሚገኘው የባርዶ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ጎብኚዎች ላይ ተኮሱ። 22 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ በመርከብ ሜዲትራኒያንን እየዞሩ ለአንድ ቀን የወረዱ መንገደኞችም ነበሩባቸው። አንዲት እንግሊዛዊትም ሞታለች።

የሱሳው ጥቃት የደረሰው ጁን 26 ነው። ከባርዶ በኋላ ቀኑን ብትቆጥሩት ልክ መቶ ይሆናል። እኔ ይህን ጉዳይ የምመለከተው በእነዚያ መቶ ቀናት ውስጥ ነው። ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ለክረምቱ ዕረፍት ቀደም ብሎ ከፍሎ ነበር፤ ባርዶን በዜና አየና ደነገጠ፤ ከዚያም «አገሩ ሰላም ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

እንግዲህ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ማን ነበር?

የመጀመሪያው የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ አገር የጉዞ ምክር ያወጣል። ካርታ አለው፤ ካርታውን ደግሞ በቀለም ይከፋፍለዋል። ቀይ ሲሆን በፍጹም አትሂዱ ማለት ነው። ብርቱካናማ ሲሆን የግድ ካልሆነ አትሂዱ ነው። አረንጓዴ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ምክሩን አንብቡ ማለት ነው። አረንጓዴ «ምንም የለም» ማለት አይደለም፤ «አንብቡ» ማለት ነው። የአክስቴን ልጅ ጨምሮ ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው።

በእነዚያ መቶ ቀናት ቱኒዚያ ከአልጄሪያና ከሊቢያ በምትዋሰንበት በኩል አትሂዱ የተባለባቸው ቦታዎች ነበሩ። የባህር ዳሩ ግን አረንጓዴ ነበር። ጽሑፉን የከፈተ ሰው ሌላ ነገር ያነብ ነበር፦ የሽብር ሥጋቱ ከፍተኛ ነው፤ ጥቃት ያለ ልዩነት ሊፈጸም ይችላል፤ የውጭ ዜጎች የሚሄዱባቸው ቦታዎችም ኢላማ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። ማስጠንቀቂያው እዚያው ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ቀለሙና ጽሑፉ ግን የሚያወሩት አንድ ቋንቋ አልነበረም።

ቀለሙ ይህን ያህል ለምን ከበደ? በገንዘብ ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቱ «አትሂዱ» ካለ የጉዞ ድርጅቱ ገንዘብ ይመልሳል ወይም ሌላ አገር ይቀይራል። እዚያ ያሉትንም ይመልሳቸዋል። ምክሩን ጥሶ የሄደውን ደግሞ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። «አትሂዱ» ካላለ ግን ውሉ እንዳለ ይቀጥላል። ፈርቶ የቀረ ሰው በራሱ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል፤ የከፈለውን ያጣል። ለአራት ሰው ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የቆጠቡት ብር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አባት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲያሰላ በአንድ በኩል ስም የሌለው ፍርሃት አለ፣ በሌላ በኩል ቁጥሩ የታወቀ ኪሳራ አለ። የታወቀው ያሸንፋል። እኔም ብሆን ያሸንፈኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው መልስ ሰጪ ጉዞውን የሸጠው ወኪል ነው። በ2017 ለንደን ላይ በተካሄደው ችሎት ከተሰሙት ነገሮች ውስጥ እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳው ይህን ነው። ከባርዶ በኋላ የደነገጠ ደንበኛ ወኪሉን ሲጠይቅ «መቶ በመቶ ሰላም ነው» መባሉ ተነግሯል።

መቶ በመቶ። እኔ ስለተወለድኩበት ሠፈር እንኳን መቶ በመቶ ብዬ አልምልም። ወኪሉ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ምናልባት ያመነውን ነው የተናገረው። ነገር ግን የሚሸጥ ሰው ስለሚሸጠው ዕቃ ሲጠየቅ እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ሊያይ አይችልም፤ ቢፈልግም አይችልም። ሽንኩርት ሻጩን «ትናንት የመጣ ነው ወይስ የዛሬ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱን አንሰማም፤ ሽንኩርቱን ጨበጥ አድርገን እናያለን። ለልጆቻችን ጉዞ ግን የሻጩን ቃል ይዘን እንሄዳለን።

ሦስተኛው መልስ ተጓዦቹ ያላዩት ነው። ገና ከባርዶ በፊት፣ በጃንዋሪ 2015፣ ለእንግሊዝ መንግሥት የተዘጋጀ የጸጥታ ግምገማ ነበር። በሦስት የመዝናኛ አካባቢዎች ወደ 30 የሚጠጉ ሆቴሎች ታይተዋል። ችሎቱ ላይ እንደተነገረው በብዙዎቹ የፊት ለፊቱ በር ጥበቃ ነበረው። በባህሩ በኩል ግን ጥቃት ቢመጣ የሚከለክልም የሚመክትም ብዙ ነገር እንደሌለ ጽሑፉ ያመለክት ነበር።

ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ስለ አንድ አገር በጅምላ የተነገረ ነገር አይደለም። የትኛው በር ክፍት እንደሆነ የሚናገር ነው። ለተጓዥ ከማንኛውም ቀለም የበለጠ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱ ግን በፋይል ውስጥ ቀረ።

ጁን 26 ዓርብ ነበር። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ የ23 ዓመት ተማሪ በባህሩ በኩል መጣ። ክላሹን በባህር ዳር ጃንጥላ ውስጥ ደብቆት ነበር። በመጀመሪያ አሸዋው ላይ የተጋደሙትን ተኮሰባቸው፣ ቀጥሎ ወደ መዋኛ ገንዳው፣ ከዚያም ወደ ሆቴሉ ውስጥ ገባ። ሆቴሉ ኢምፔሪያል ማርሃባ ይባላል። «መርሐባ» እኛም አገር እንግዳ የምንቀበልበት ቃል ነው። የሆቴሉ ጥበቃዎች መሣሪያ አልነበራቸውም።

38 ሰዎች ሞቱ። 30ዎቹ እንግሊዛውያን ነበሩ። ሦስት አየርላንዳውያን፣ ሁለት ጀርመናውያን፣ አንድ አንድ ደግሞ ከቤልጂየም፣ ከፖርቱጋልና ከሩሲያ ነበሩ።

ያን ቀን የቱኒዚያ ሰዎች ያደረጉት ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በአጠገቡ ያለ ሆቴል ሠራተኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰውዬውና እንግዶቹ መካከል ቆሙ። አስተናጋጆች ናቸው፤ መሣሪያ የላቸውም፤ ሰውነታቸውን ብቻ ይዘው ነው የቆሙት። አንድ ግንበኛ ደግሞ ከጣሪያ ላይ ሸክላ እያነሳ ታጣቂውን ወረወረበት። ፖሊስ ግን ዘገየ። የለንደኑን ችሎት የመሩት ዳኛ ኒኮላስ ሎሬን ስሚዝ የአካባቢው ፖሊስ አካሄድ ቢያንስ ዝርክርክ፣ ሲከፋም ፈሪነት እንደነበር ተናግረዋል። በጉዞ ድርጅቱና በሆቴሉ ላይ በሕግ የሚያስጠይቅ ቸልተኝነት አላገኙም። ድርጊቱን የፈጸመው በተቻለው መጠን ብዙ ጎብኚ ሊገድል መሣሪያ ይዞ የሄደ ሰው መሆኑን አስምረውበታል።

የዳኛውን ውሳኔ አከብራለሁ። ጥፋተኛው ገዳዩ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ከፍርድ ቤቱ ጥያቄ ይለያል፦ የሚቀጥለው ቤተሰብ ከመክፈሉ በፊት ምን ማወቅ ይችላል?

ከጥቃቱ በኋላ የሆነው ለዚህ ብዙ ያስተምራል። የእንግሊዝ መንግሥት ምክሩን ወዲያው አልቀየረም። የቀየረው ከ13 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 9 ነው። ሌላ ጥቃት የመድረስ ዕድሉ ከፍተኛ እንደሆነና የተወሰደው የጥበቃ እርምጃ በቂ እንዳልሆነ ገልጾ የግድ ካልሆነ ቱኒዚያ አትሂዱ አለ። ያን ጊዜ እዚያ የነበሩት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ እንግሊዛውያን ጎብኚዎች ሻንጣቸውን ሸክፈው መመለስ ጀመሩ። አየርላንድና ዴንማርክ ተከተሉ።

ጀርመንና ፈረንሳይ ግን አልተከተሉም። ባህር ዳሩ ያው ነው፣ ሳምንቱ ያው ነው፣ ምክሩ ግን ተለያየ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሁሉም ፖለቲካ ነው» ብሎ ማስጠንቀቂያውን በሙሉ ይጥለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማስጠንቀቂያ እንደ ቴርሞሜትር አንድ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ዕቃ አይደለም። መንግሥታት የየራሳቸው መረጃ አላቸው፤ ስንት ዜጋ እዚያ እንዳላቸው፣ የአካባቢውን ፖሊስ ምን ያህል እንደሚያምኑት፣ ችግር ቢመጣ ሰዎቻቸውን ማውጣት ይችሉ እንደሆነ ያያሉ። አዎ፣ ወዳጅነትንም ያያሉ። እንግሊዝ 30 ሰው ቀብራ ነበር። ስለዚህ የአንዱን ብቻ ማንበብ አይበቃም። የሁለት ወይም የሦስት አገር ምክር ጎን ለጎን ማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ቆም በሉ፤ ቁም ነገሩ የሚገኘው እዚያ ነው።

ኖቬምበር 24 ቀን 2015 ደግሞ ቱኒስ መሀል የፕሬዚዳንቱን ጠባቂዎች የጫነ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ 12 ጠባቂዎች ሞቱ። «ሌላ ጥቃት ሊመጣ ይችላል» የተባለው መጣ። ኢላማው ግን ጎብኚ አልነበረም። ታዲያ ማስጠንቀቂያው ልክ ነበር ወይስ ስህተት? እኔ ልክ ነበር እላለሁ። ባህር ዳሩ ጸጥ ማለቱ ብቻውን ማስጠንቀቂያውን ውሸት አያደርገውም።

የማስጠንቀቂያው ሌላኛው ጫፍ ላይ ያሉትንም አልረሳቸውም። እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙት አስተናጋጆች የሚኖሩት በጎብኚ ነው። እንግዳው ሲቀር ክፍሉ ባዶ ሆነ፣ ብዙ ሆቴል ተዘጋ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከሌላው የተሻለ እናውቀዋለን። በጃንዋሪ 2012 ኤርታሌ ላይ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ አፋር ላይ ለሚሠራ አስጎብኚና ግመል ጫኝ ኑሮው በአንድ ጊዜ ነው የተመታው። በ2020 መጨረሻ በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ ላሊበላ በቅሎ የሚያከራየውና አስጎብኚው ከቤቱ ዋለ። በኖቬምበር 2021 አሜሪካና እንግሊዝ ዜጎቻቸው ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ሲያሳስቡ ብዙዎቻችን የተሰማን ቁጣ ነበር። «ስማችንን ሊያጠፉ ነው» ያልን ብዙ ነን። ወዲያው ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳያስፖራውን ለገና ወደ አገር ቤት ጠራ። በየቤቱ አንዱ «ልሂድ» ሲል ሌላው «ኤምባሲው ያለውን አልሰማህም?» ይል ነበር።

ያ ቁጣ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ እኔም ነበረብኝ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያን እንደ ስድብ የሚሰማ ሰው ውስጡ ያለውን መረጃ ሳያነብ ያልፋል። እንደ ትእዛዝ የሚሰማው ሰውም እንዲሁ። ሁለቱም ርዕሱን አንብበው ቁጭ ይላሉ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 2018 ወዲህ አገሮችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ፈረንሳይና ጀርመን ለዓመታት ደረጃ 2 ላይ ነበሩ፤ አንዱ ምክንያት ሽብር ነው። ፓሪስ ለመሄድ ግን ማንም እናት አትጨነቅም። ቁጥሩ ለአገር ሙሉ የሚሰጥ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን የትኛው ክልል፣ የትኛው መንገድ፣ ምን ዓይነት አደጋ እንደሆነ ይለያል። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ መደናገጥም፣ ቁጥሩን አይቶ መዝናናትም ያው ነው።

ቱኒዚያ በኋላ ብዙ ሠራች። እንግሊዝም ባለሙያ እየላከች በሆቴልና በአየር ማረፊያ ጥበቃ ላይ አብራ ሠርታለች። ጁላይ 26 ቀን 2017 የእንግሊዝ መንግሥት ለቱኒስና ለአብዛኛው የባህር ዳር አካባቢ ክልከላውን አነሳ። ትልልቆቹ የጉዞ ድርጅቶች በ2018 መጀመሪያ መመለስ ጀመሩ። ኢምፔሪያል ማርሃባም ስሙን ቀይሮ ተከፈተ። ካርታው አረንጓዴ ሲሆን ግን ከሥሩ ያለው የሽብር ማስጠንቀቂያ አብሮ አልጠፋም።

የአክስቴን ልጅ አትሂጂ አላልኳትም። እንዲያውም እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የምሄድ ይመስለኛል፤ ከ2015 ወዲህ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው። የለመንኳት ከመክፈሏ በፊት ጥቂት ነገር እንድታደርግ ብቻ ነው። የጽሑፉን የሽብር ክፍል እስከ መጨረሻው አንብቢ አልኳት። ኢንሹራንሱ ሽብርን ይሸፍን እንደሆነ ውሉ ላይ በዓይንሽ እዪ፤ የስልኩን ሰውዬ ቃል አትያዢ። ብትፈሪና ብትቀሪ ስንት እንደምታጪ አሁኑኑ እወቂ፤ ያኔ ስትወስኚ ገንዘቡ በድብቅ አይወስንልሽም። ሆቴሉን ደግሞ «ሰላም ነው?» ብለሽ አትጠይቂው፤ «አዎ» ይልሻል። «በባህሩ በኩል ማን ይጠብቃል? መግቢያው የት ነው? ማታስ?» በዪው።

«የመጨረሻዋን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ገጹን ከፈተችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብልኝ ጀመር። የመጀመሪያውን አንቀጽ በፍጥነት ተወጣችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ንባቧ ቀስ አለ። መሀል ላይ ቆመች። ከኋላዋ ልጆቹ ሲሯሯጡ ይሰማኛል።

«ቆይ» አለች፣ «ይቺን እንደገና ላንብባት።»